ጥገኝነት ያገኙ ልጆቻችንን «ለቅሶ ድረሱ» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እናታችን ስታርፍ ካናዳ ላለችው እህቴ የደወልኩት እኔ ነኝ። «ካልመጣሽ ወንድም አለኝ እንዳትዪ» አልኳት። ያን ቃል ዛሬ መመለስ ብችል እንዴት ደስ ባለኝ።

እህቴ ካናዳ ጥገኝነት ተፈቅዶላት ቋሚ መኖሪያ ይዛለች። ዜግነት ግን ገና አላገኘችም ነበር። ለቀብሩ ባትደርስም ለአርባው ደረሰች። ኤምባሲ ሄዳ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን አሳድሳ ነው የመጣችው። አዳማ በቆየችባቸው 22 ቀናት ከግቢ አልወጣችም ማለት ይቻላል። የመንገዱን መስኮት መጋረጃ አታስከፍትም። ባጃጅ በር ላይ ሲቆም ከወንበሯ ብድግ ትላለች። እኔ ሐዘኑ ነው ብዬ ነበር።

አሁን «የስደተኛ ጥበቃዋ ይቋረጥ» የሚል ማመልከቻ ቀርቦባታል። ስደተኛ ማለት የአገሩን ጥበቃ ያጣ ሰው ነው። የአገሩን ፓስፖርት አውጥቶ ከተጓዘበት፣ ወደ አገሩ ጥበቃ ተመልሷል ተብሎ ይገመታል። ይህን ግምት ማፍረስ ደግሞ የእሱ ፈንታ ነው። ጉዳዩን የሚያየው የካናዳ የስደተኞች ቦርድ ነው። በፈቃዷ ሄደች ወይ? የአገሯን ጥበቃ ፈልጋ ነው ወይ? በእርግጥስ አገኘችው ወይ? ብሎ ይመዝናል።

ድሮ ጥበቃው ቢቋረጥም ቋሚ መኖሪያው አብሮ አይሄድም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ግን በዚህ መንገድ ጥበቃውን ያጣ ሰው መኖሪያውንም ያጣል። ለቦርዱ ይግባኝ ሰሚ ክፍል አቤት ማለት አይቻልም። የሚቀረው የፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲያየው ፈቃድ መጠየቅ ነው። የስንት ዓመት ኑሮ፣ ለአንድ ለቅሶ! እኔ ይሄ ፍትሕ አይመስለኝም።

ተስፋ የሰጠን በ2022 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በአንዲት ኮሎምቢያዊት መዝገብ የሰጠው ውሳኔ ነው። ቦርዱ ስደተኛው መዘዙን ያውቅ እንደነበር፣ ለምን እንደተጓዘና እዚያም ሲደርስ ምን ጥንቃቄ እንዳደረገ ማየት አለበት ይላል። ጠበቃዋ ያየሁትን በጽሑፍ እንድመሰክር የጠየቀችኝ ለዚህ ነው። የመጋረጃውንም የባጃጁንም ነገር ጽፌ ልኬያለሁ። ስጽፈው ነው ያ ሁሉ ፍርሃት እንደነበር የገባኝ።

የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚባል አለ። ከተሰደዱበት አገር በስተቀር ሌላ ቦታ ያስኬዳል። ያንን ባውቅ ኖሮ ሦስተኛ አገር ላይ ተገናኝተን ተቃቅፈን እናለቅስ ነበር።

እባካችሁ ይህን ጉዳይ በሰፊው ጻፉበት። በዓል ሲደርስ «ናፍቀኸናል፣ ና» የማይል ቤት የለም። ባለፈው እሑድ ዕድር ላይ አንድ ጎረቤታችን ጥገኝነት ያገኘ ልጃቸው ካናዳ ሆኖ ለሠርግ እንደሚመጣ በደስታ ነገሩን። «ጋሼ፣ ዜግነት ይዟል?» አልኳቸው። አያውቁም። ስልኬን አውጥቼ እዚያው አስደወልኳቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ