ክረምቱ ሳይገባ ጥያቄሽን ያዢ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። በግብርና ባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሻል ጠይቀሽኛል። ዩኒቨርሲቲውን ለጊዜው አቆዪው። በዚህ ትምህርት መጀመሪያ የሚመረጠው የምርምሩ ጥያቄ ነው፣ ቀጥሎ አማካሪው፤ ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በዝናብ የሚበቅል ሰብል በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚዘራ የምትመረቂበትን ቀን የሚወስነው ዝናቡ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ፣ ሁለተኛው ምርምር ነው። ስንዴና ጤፍ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ይዘራሉ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳሉ። እስከ ግንቦት ፕሮፖዛሉ ካልጸደቀ፣ ዘሩ ካልተገኘ፣ መሬቱም ካልታረሰ ክረምቱ ያመልጥሻል። ከዚያ ወይ በመስኖ መሥራት ነው፣ ለበሽታ ጥናት ደግሞ የበጋው ደረቅ አየር ብዙ ጊዜ አይመችም፤ ወይ ዓመት መጠበቅ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ አማካሪ ያዢ። ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ ከማጣራትሽ በፊት በዚህ ክረምት የሚዘራ ማሳ እንዳለው፣ ዘሩ በእጁ እንደሆነ፣ የፕሮጀክቱ ገንዘብ መቼ እንደሚለቀቅ ጠይቂው።

ጥያቄውን ከማሳ አምጪው። ከቡራዩ ታክሲ ይዘሽ ወደ ሆለታ ስትወጪ የምታዪውን ስንዴ በምሳሌነት ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ አገሪቱን ሲያጠቃ በስፋት ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ተጎዳ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ሌላ ዝርያ፣ ወደ ዲገሉ፣ ዞረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲገሉን አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መታው። ፈንገሱ ይለዋወጣል፤ በአንድ የመቋቋሚያ ዘረመል ላይ የቆመ ዝርያ ሰፊ መሬት ሲሸፍን፣ ያንን ዘረመል ማለፍ የቻለ ፈንገስ የሚያግደው የለም። የሰብል በሽታ ባለሙያ ሥራ የማይፈታው በዚህ ምክንያት ነው፣ እኔም አጥብቄ የምመክርሽ ይህንን ዘርፍ ነው።

12 የስንዴ ዝርያ በ3 ድግግሞሽ ብትፈትሺ 36 ፕሎት (ትንሽ የሙከራ መደብ) ይሆናል። ፕሎቱ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ በመስመሮቹ መካከል 20 ሳንቲሜትር ካደረግሽ 10 መስመር ይወጣዋል። በሄክታር 150 ኪሎ ሒሳብ ለአንድ ፕሎት 60 ግራም፣ ለአንድ መስመር 6 ግራም ዘር ያስፈልጋል። እቤት ሳለሽ የየመስመሩን መዝነሽ በፖስታ አሽጊ፤ ማሳ ላይ ነፋሱ ሚዛኑን አያስቆምልሽም። ከዚያም በፊት ከየዝርያው 100 ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ አብቅለሽ እዪ፣ አለዚያ ሳስቶ የበቀለው ፕሎት የዝርያው ድክመት ይመስልሻል። እያንዳንዱን ብሎክ (ሁሉም ዝርያ አንድ አንድ ጊዜ የሚዘራበትን የፕሎቶች ረድፍ) ተዳፋቱን አግድም ይዘሽ ዘርጊው። ከላይ ወደ ታች ከዘረጋሽው አንዱ ዝርያ ደረቅ አፈር ላይ፣ ሌላው ውኃ የቋጠረ መሬት ላይ ይወድቅና ማወዳደሩ ከንቱ ይሆናል። ዋጉን በቀላሉ በሚታመመው ማነጻጸሪያ ዝርያ ላይ ከታየበት ቀን አንሥተሽ በየ10 ቀኑ የቅጠሉ ስንት ከመቶ እንደተሸፈነ መዝግቢ። አንዴ ብቻ ከመዘገብሽ ቀስ ብሎ የሚታመመውና ፈጥኖ የሚታመመው አይለዩም። ስታጭጂ የዳርና የዳር መስመሮችን ተዪ፤ ዳር የበቀለ ብርሃኑም ማዳበሪያውም ስለሚተርፈው ምርቱን ያጋንናል። እህሉንም ስትመዝኚ እርጥበቱን ለክተሽ ወደ 12.5 ከመቶ አስተካክይው።

ማዳቀል ካማረሽ ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የጤፍ ቤት ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቁንጮ ከዚያ ወጥቷል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የጤፍ አበባ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ የሚከፈተውም ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ሰዓት የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ ከማግኘታቸው በፊት ጤፍን ማዳቀል አልተቻለም ነበር። በማይክሮስኮፕ እያየሽ፣ በቀጭን መርፌ ጫፍ፣ የአቧራ ያህል የሆኑትን ወንዴ ክፍሎች ሳይፈነዱ ማውጣት አለብሽ። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ አበባው ሞተ።

ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ የሚያልቅ ርዕስ አልመክርሽም። ኬሚካሉና ለዘረመል ምርመራ የሚያስፈልገው ፕራይመር ከውጭ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። ግድ ከሆነብሽ ቅጠሉን እርጥበት በሚመጠው ሲሊካ ጄል ውስጥ አድርቀሽ አስቀምጪ፤ ፍሪዘር ብቻ ካመንሽ መብራት ሲጠፋ ናሙናሽ ይበላሻል።

ስለ ሥራው፦ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱ፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ፣ በግብርና ባለሥልጣን ሥር ያለው የዕፅዋት ኳራንቲን (በሽታና ተባይ እንዳይገባ የሚቆጣጠረው)፣ ጉርድ ሾላ ያለው ኢልሪ (ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት) ለዚህ ትምህርት በር አላቸው። በዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ሌክቸረር፣ በፒኤችዲ ረዳት ፕሮፌሰር ትሆኛለሽ። የአበባ እርሻዎቹን አትናቂ። በሆለታና በሰበታ በኩል ጽጌረዳ ላይ ማይት የተባለ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ቀይ ተባይ ያስቸግራል፤ እሱን የሚበላ ሌላ ማይት ይለቀቅበታል። ያለ ምርጫ ሁሉን የሚገድል ፀረ ተባይ ከተረጨ ግን ቀድሞ የሚያልቀው በላተኛው ነው፣ ተባዩ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው እዚያ በጣም ይፈለጋል።

ለማመልከት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ቀድመሽ ውሰጂ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ታሽጎ የሚሄድ ስለሆነና ከወጪ መጋራቱ ክፍያ ጋር ስለሚያያዝ አሁኑኑ ሬጅስትራር ሄደሽ ጀምሪው። ለአማካሪም የምትጽፊውን ኢሜይል ረቂቁን ላኪልኝ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ የሰብሉን ስም፣ ጥያቄሽንና የምትዘሪበትን ወር ይያዝ።

እናትሽ
ቡራዩ