«እና ሌሎችም» ያላችሁት ሰው

ይድረስ ለመዝናኛ ገጽ አዘጋጅ፤

ባለፈው እሁድ ስለ «ኤሊየን» ፊልም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ተዋንያኑ ጋ ስደርስ ግን «ሲጎርኒ ዊቨር፣ ጆን ኸርት እና ሌሎችም» ብላችሁ ዘጋችሁት። ያናደደችኝ ይቺ «ሌሎችም» ናት። ከሌሎቹ አንዱ ሃሪ ዲን ስታንተን ነዋ!

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኛም ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ስንገባ ዓይናችን አክተሩ ላይ ነበር። አክተር አይሞትም። የቀረው ሁሉ ሊሞት የመጣ ነው፣ ስሙን ማን ይጠይቃል?

እስቲ «ኤሊየን»ን ደግማችሁ እዩት። ስታንተን የጠፈር መርከቧ ጥገና ሠራተኛ ነው። ጓደኛው ምንም ቢያወራ መልሱ «ልክ ነው» ብቻ። ከዚያ ድመቱን ፍለጋ ብቻውን ይሄዳል። ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ኮፍያውን ያወልቅና ፊቱን ቀና አድርጎ ውሃው እንዲወርድበት ይተወዋል። ሙቀት ያንገበገበው የጋራዥ ሠራተኛ በሉት። አውሬው ከኋላው ሲመጣ የምንደነግጠው በጥርሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን ለምደነዋል።

በ1926 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ወጥ ቤት ነበር፤ የኦኪናዋንም ውጊያ አይቷል። ከዚያ ለዓመታት በቴሌቪዥን የካውቦይ ድራማዎች ውስጥ ብቅ እያለ ጠፋ። በ1974ቱ ሁለተኛው «ጎድፋዘር» ደግሞ የኤፍቢአይ ሰው ሆነ።

ዋናውን ሚና ያገኘው ወደ 58 ዓመቱ ሲጠጋ ነው። በዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ፊልም «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» ቀይ ኮፍያ አድርጎ፣ አቧራ የጠጣ ሱፍ ለብሶ በረሃ ያቋርጣል። ለረጅም ጊዜ ቃል አይተነፍስም። መጨረሻ ላይ ግን በመስታወት ማዶ ላለችው ሚስቱ፣ ጀርባውን ሰጥቷት በስልክ ታሪካቸውን ይተርክላታል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። እኔ ግን አልቅሻለሁ፤ ደግሜ ሳየውም እንደዚያው። ፊልሙ በ1984 በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባን አገኘ።

ከዚያ በኋላ አክተር ሆኖ ይቀራል ያለ ተሳስቷል። ወደ ትንንሽ ሚናዎቹ ተመለሰ። በ«ግሪን ማይል» (1999) የሞት ቅጣት ልምምድ ሲደረግ በፍርደኛው ቦታ የኤሌክትሪክ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው እስረኛ እሱ ነው። ለሌላው መሞትን እየተለማመደ ተመልካቹን ያስቃል! በ2006 በጀመረው የኤችቢኦ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ «ቢግ ላቭ» ደግሞ ነቢይ ነኝ ባይ ሽማግሌ ሆኖ አስፈርቶናል። ያው የከሳ ፊት፣ ያው የደከመ ዓይን፤ ሰውየው ግን ሌላ።

ሃያሲው ሮጀር ኢበርት ስታንተን ወይም ሌላው ተዋናይ ኤም ኤሜት ዋልሽ በረዳት ሚና ያለበት ፊልም ጭራሽ መጥፎ ሊሆን አይችልም ብሎ ነበር። ለነገሩ እኔ አንድ ሁለት የማይረቡ አይቻለሁ። በእነሱም ውስጥ እሱ ያለበትን አሳልፌ አላውቅም።

ስታንተን በመስከረም 2017 በ91 ዓመቱ አረፈ። ከመጨረሻዎቹ ዋና ሚናዎቹ አንዱን የተጫወተበት ፊልም «ለኪ» አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው እሱ ካረፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ፎቶ ካላችሁ ቀይ ኮፍያ ያደረገበትን አድርጉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ