ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር፦ አረጋውያን ከመውደቃቸው በፊት ይታዩልን

ክቡራን የሚኒስቴሩ የሥራ ኃላፊዎች፣

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ወደ ክፍላችን ከሚላኩት አረጋውያን ብዙዎቹ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ነው። እንዴት እንደወደቁ ስጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ ከመኝታ ሲነሱ፣ ሽንት ቤት ሲሄዱ፣ ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው። ከመውደቃቸው በፊት ስለነበረው ዓመት ስጠይቅ ግን ወሬው ይረዝማል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ትተዋል። ገበያ ሰው ይልካሉ። የአንዲት እናት ልጅ «መቀነቷ ድሮ ሁለቴ ዞሮ ይቋጠር ነበር፤ አሁን ሦስቴ ዞሮም ይተርፋል» ብላኛለች። ሚዛን በሌለበት ቤት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? እኚሁ እናት በዚያ ዓመት ጤና ጣቢያ ተመላልሰዋል። የግፊት መድኃኒታቸውን ይዘው፣ «እርጅና ነው» ተብለው ነው የተመለሱት።

እርጅና ብቻ አልነበረም፤ የአረጋውያን አቅም መዳከም (በእንግሊዝኛ ፍሬይልቲ) የሚባለው የጤና ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 5,317 ሰዎችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት የዚህን ችግር አምስት ምልክቶች ለይቷል፤ ሳይፈልጉት ክብደት መቀነስ፣ የማይለቅ ዝለት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ ማነስ። ሦስቱና ከዚያ በላይ ከተገኙበት ሰው መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ 18 በመቶው ሞቷል፤ አንዱም ካልታየበት 3 በመቶው። በሰባት ዓመት 43 በመቶ ለ12 ሆነ። መውደቁም፣ ሆስፒታል መተኛቱም፣ ራስን መርዳት አለመቻሉም በዚያው መስመር የሚሄድ ነው። ጎተራው የተሟጠጠ ገበሬ አንድ ዝናብ ሲዘገይበት እንደሚቸገር፣ የእነዚህም ሰዎች አካል ለክፉ ቀን ያስቀመጠው የለም። ሌላው በሳምንት የሚያገግምበት የሳንባ ምች እነሱን አልጋ ላይ ያስቀራል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይቀባዥራሉ፣ ቤተሰብ «አእምሮአቸው ተነካ» ብሎ ይደነግጣል።

እኛ ዘንድ ይህ እንዳይታይ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት አቆጣጠራችን ይመስለኛል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናታችን ሴቶችን ከ15 እስከ 49፣ ወንዶችን ከ15 እስከ 59 ዓመት ይጠይቃል። ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው የስቴፕስ ጥናት 69 ላይ ያበቃል። የሰባ ዓመት ሰው በየትኛው መዝገብ ነው ያለው? የአረጋውያን ነገር ሲነሳ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመራል። ድጋፉ የእነሱ ይሁን፤ ጡንቻው፣ የሰውነት ሚዛኑ፣ መድኃኒቱ ግን የእናንተ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚደርስ እጅ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ክንድ በባለ ቀለሙ መለኪያ ለክታ ስትወጣ፣ አያት እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውን ለማየት የሚያስፈልገው አራት ሜትር ገመድና የስልክ ሰዓት ነው። በተለመደው እርምጃቸው አራት ሜትሩን ለመጨረስ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከወሰደባቸው መታየት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አይኮፕ በሚለው የአረጋውያን እንክብካቤ መመሪያው ከወንበር አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥንም ይመክራል፤ እጅ ሳይደግፉ በ14 ሰከንድ ውስጥ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ገጠር ያለው በርጩማ ነው፤ ከዚያ ዝቅታ መነሳት ለወጣትም ስለሚከብድ ውጤቱ ይዛባል። እኔ ብጠየቅ በእርምጃው እጀምራለሁ።

ሠራተኞቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ዕድሜው 60 ለሞላ ሰው በስድስት ወር አንዴ፣ ሠራተኞቹ በሚይዙት የቤተሰብ ማኅደር ላይ አንድ ገጽ። እርምጃው የዘገየ ወይም ልብሱ የሰፋው ጤና ጣቢያ ይላክና መድኃኒቱ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታይ። ለእንቅልፍ ተብሎ የተጀመረ ዳያዜፓም፣ ለሕመም የተሰጠ አሚትሪፕቲሊን ስንቱን ሌሊት እንደሚጥል እኛ ክፍል እናየዋለን። ዓይኑም ይታይ፤ ሞራ ያለበት ሰው ደፉን አያይም።

ምን ይደረግለታል ለሚለው፣ መልሱ ብዙ ብር አይጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ ላይፍ በተባለው ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ 1,635 ሰዎች ተሳትፈው፣ የእግር ጉዞ፣ ጡንቻ የማጠንከርና ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ያደረጉት የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ 400 ሜትር መራመድ ያለመቻል ዕድላቸው በ18 በመቶ ቀንሷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ግድግዳ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ ከመቀመጫ መነሳትና መቀመጥ ማንም ልጅ ለአያቱ ሊያሠራው የሚችል ነው።

ምግቡ ከበድ ይላል። ለአረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 50 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው በሁለት ጉርሻ የሚበቃቸው እናት ይህን አያገኙም። ጾማቸውን ሐኪም አያስተዋቸው፤ ሞክሬው አይሆንም። የሚሰሟቸው የንስሐ አባታቸውን ነው። ሚኒስቴሩ ለክትባትና ለእናቶች ጤና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ሲመክር ኖሯል፤ ይህም ይጨመር። እስከዚያው በአንድ ማዕድ ላይ ሽሮው ወፈር፣ ምስሩ በዛ ይበል።

በጥቂት ወረዳዎች ለሙከራ መጀመር ይቻላል። በቅድሚያ ግን በሚኒስቴሩ ውስጥ የአረጋውያን አቅም መዳከም የሚመለከተው የትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ በይፋ ይገለጽልን። እኔና የሙያ ባልደረቦቼ ልምዳችንን ይዘን የምንመጣበት በር እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ