ሆደ ቡቡዎችን «ጠንከር በሉ» አትበሉን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። 11 ዓመት ሠራሁ። ልጅ ሲታመም የእናቱ ፊት ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። እራት አይወርድልኝም። «ጠንከር በይ እንጂ፣ ትለምጂዋለሽ» ሲሉኝ ኖሩ። አልለመድኩትም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኢሌን አሮን ይህን ቶሎ የመነካት ጠባይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጥንታዋለች። ከመቶ ሰው ከ15 እስከ 20 የሚሆነው እንዲህ ነው ትላለች። በሽታ አይደለም። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

እኔን ደግፎ የያዘኝ ትንሽ ነገር ነው። ዱቲዬን ጨርሼ ስወጣ ወዲያው ታክሲ አልይዝም። እጄን እስከ ክርኔ በቀዝቃዛ ውሃ እታጠባለሁ። ውሃው ከጣቶቼ ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ዝም ብዬ አየዋለሁ። ከዚያ አንድ ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ። አየር ሳስገባ እስከ አራት፣ ሳስወጣ እስከ ስድስት እቆጥራለሁ፤ ቀስ ብሎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረጋጋል። ቤት ስደርስ ባዶ እግሬን ሲሚንቶው ላይ አሳርፋለሁ። ልጄ ያውቃል፤ አሥር ደቂቃ አያናግረኝም።

ለቅሶ ቤት ግን አሁንም ይከብደኛል። መቅረት ነውር ነው፤ ከሄድኩ ደግሞ እንቅልፍ የለም። አሁን አሁን ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት እልጣለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ሆዴ ይረጋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአደጋ ዜና ስታወጡ የቆሰሉ ሰዎችን ፎቶ የፊት ገጽ ላይ አታድርጉብን። ዜናውን ያለ ፎቶውም እናነበዋለን።

ነርሷ፣ ከጉለሌ