ስቶክሆልምን እንዳትሰጪኝ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እማዬስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ይቺን ነገር በየደብዳቤው እየጻፍኩ አልፋታለሁ። ናፍቆቱ ምን እንደሚመስል ግን ነግሬያችሁ አላውቅም። ዛሬ እሱን ላወራሽ ነው።

እዚህ ስቶክሆልም ክረምቱ ገብቷል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል። ማታ ማታ ቋንቋ እማራለሁ። በቀደም መምህራችን «አንድ ስሜት ምረጡና እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ጻፉ» አለችን። ሳቅን፤ ጢማችንን አንዠርግገን የተቀመጥን ሰዎች ነና! በኋላ ሳስበው ግን ልክ ናት። በስዊድንኛ ያለኝ ቃል የስድስት ዓመት ልጅ ቢያክል ነው። «ሐዘን ልቤን ሰበረው» ብዬ እንዳላመልጥ ቃሉ ከየት ይምጣ? ያየሁትንና የነካሁትን ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለኝም።

ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ጻፍኩ። ትዝ ይልሻል፣ ጓሳ ዳር በግ ስንጠብቅ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ እናያቸው ነበር። ደረታቸው ላይ ፀጉር የሌለበት ቀይ ቆዳ አለ። ትልልቅ ሰዎች ዞር ብለውም አያዩትም። እኔ ግን ልባቸው በውጭ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ውርጭ እንዴት አይበርዳቸውም እያልኩ እጨነቅ ነበር። ናፍቆትም እንደዚያ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ካፖርት የማይደርስበት ቦታ ነው የሚበርደኝ። ጭላዳ ምን እንደሆነ ለክፍሉ ማስረዳት ግን ከጽሑፉ በላይ አለፋኝ።

አንቺ እዚያ መሐል ሜዳ ሁለተኛ ክፍል ታስተምሪ የለ? ልጆቹን «ምን ተሰማህ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። የመንዝ ልጅ «ምንም» ነው የሚልሽ። እኛስ ምን እያልን አደግን? በእንቆቅልሽ አምጪው። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ደስታን ስሙን ሳይጠሩ ይጻፉት። የት ይቀመጣል? ምን ይበላል? ማታ ይተኛል? ሁሉም «ደስታ አበባ ነው» ብለው ከመጡ ከአንድ ልጅ ተኮራርጀዋል ማለት ነው። አንዱ «ደስታ ምጣድ ላይ የሚንጣጣ ገብስ ነው» ካለሽ ግን ያንን ልጅ ያዢልኝ። ደግሞ ፊደል ገደፋችሁ ብለሽ በቀይ እስክሪብቶ አታስበርግጊያቸው። እርማቱ ነገም ይደርሳል።

አንዱን እኔ ልጀምርልሽ። እንቆቅልሽ!

ጆሮዬን ያሞቃል፣ ምላሴን ያስራል፣ ዓይኔን መሬት ላይ ይጥላል።

ካላወቅሽው አገር ስጪኝ። ስቶክሆልምን እንዳትሰጪኝ፣ እሱማ አለኝ። መሐል ሜዳን ካልሆነ መልሱን አልነግርሽም።

እማዬንም ጠይቂልኝ። «ናፍቆት ምን ይበላል?» በያት። «ኧረ ሥራ ፍቺ!» ትልሻለች፣ አውቃታለሁ። ዝም ብለሽ ቡናሽን አፍዪ፤ በረካው ላይ መናገሯ አይቀርም። ያለችውን ሳታሳምሪ እንዳለ ጻፊልኝ።

ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ የሚሆን ትንሽ ብር ልኬያለሁ። ባንክ ስትሄጂ መታወቂያሽን እንዳትረሺ።

ወንድምሽ