ወደ ታች ብቻ የሚያይ ሴንሰር ግማሽ ሥራ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሰብልን ጤንነት በብርሃን ሴንሰር ስለመለካት ያወጣችሁት ጽሑፍ ሴንሰሩን ወደ ሰብሉ አዙሮ መስቀል የሚበቃ አስመስሎታል። አይበቃም። የታችኛው ሴንሰር የሚለካው ከቅጠል የተመለሰውን ብርሃን ነው፤ ከላይ ስንት እንደወረደ ካልታወቀ ከመቶ ስንቱ እንደተመለሰ ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ሁለተኛ ሴንሰር፣ በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ ወደ ሰማይ እያየ በዚያው ቅጽበት መለካት አለበት። ስሌቱ የሚሠራው በሁለት የብርሃን ሞገዶች፣ በቀይና ለዓይን በማይታየው ኢንፍራሬድ ነው፤ ብርሃኑ በሁለቱም እኩል ቢቀንስ ስሌቱ ራሱ ያጣፋው ነበር፤ ደመናና ያጋደለች ፀሐይ ግን የቀዩንና የኢንፍራሬዱን ድርሻ ጭምር ይለውጣሉ።

የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ቀይ ብርሃን ይውጣል፤ የቅጠሉ ውስጠኛ ህዋሳት 810 አካባቢ ያለውን ኢንፍራሬድ መልሰው ይበትናሉ። ከኢንፍራሬዱ ቀዩ ተቀንሶ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ኤንዲቪአይ የሚባለው የአረንጓዴነት መለኪያ ቁጥር ይገኛል። ጥቅጥቅ ያለ ሰብል ከቀዩ 5፣ ከኢንፍራሬዱ 45 በመቶ ቢመልስ ውጤቱ 0.8 ነው። 20 እና 26 በመቶ የሚመልስ ባዶ አፈር 0.13 ይሰጣል። ሴንሰሩ ከሚያየው ግማሹ አፈር ከሆነ ደግሞ ንባቡ 0.48 ገደማ ይሆናል። ተክሉ አልታመመም፤ ገና መሬቱን አልሸፈነም። ማዳበሪያ ይዞ መሮጥ የሚመጣው ከዚህ ስህተት ነው።

ከፍታውም ይረሳል። የእይታ ማዕዘኑ 36 ዲግሪ የሆነ ሴንሰር ከቅጠሉ 2 ሜትር ከፍ ሲል 1.3 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያያል። ሰብሉ አድጎ ርቀቱ ግማሽ ሜትር ሲቀር ክቡ ወደ 32 ሳንቲሜትር ይጠባል፤ ያኔ የሚለካው ማሳው ሳይሆን አንድ ሁለት ተክል ነው። ሴንሰሩ የተሰቀለበትን ክንድ ከሰብሉ ጋር እኩል ከፍ ማድረግ፣ የምሰሶውም ጥላ ክቡ ውስጥ እንዳይወድቅ ማየት ያስፈልጋል። ለማነጻጸር የእኩለ ቀን አካባቢ ንባብ ይሻላል፤ ጤዛ ያለበት ቅጠል ያሳስታል።

ቅጠሉ ሲደራረብ፣ የቅጠሉ ስፋት ከመሬቱ ስፋት 3 እጥፍ ገደማ ሲያልፍ፣ ቁጥሩ መጨመሩን ያቆማል። ውሃ የጠማው ተክልም አረንጓዴነቱን እስኪያጣ ድረስ ኤንዲቪአይ ላያሳብቅበት ይችላል።

ወፍ የምታርፈው የላይኛው ሴንሰር ላይ ነው፤ እሱ ሲቆሽሽ ከሰማይ የወረደው ብርሃን ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ሴንሰሮች አራት ጥሬ ንባቦች፣ ከእያንዳንዱ ቀዩንና ኢንፍራሬዱን፣ መዝግቡ፤ የሁለቱም ሞገዶች ነጸብራቅ አብሮ ከፍ ሲል መጀመሪያ የላይኛውን መስታወት ጥረጉ።

ከሰላምታ ጋር