የፎቶግራፍ ክበብ፦ «ነጭ አሳ» ብለን ያለፍነው

ዘንድሮ እኔ መምህሩ የምመራው የትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ ዓመቱን ሙሉ የዋለው ጣና ዳር ነው። አባላቱ 23፣ ካሜራው አንድ፤ የቀረውን በስልክ ነው ያነሣነው።

ጥቅምት ላይ ስንጀምር ሁሉም ቆሞ ስለሚያነሣ የሚመጣልኝ ሰማይና ውኃ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ላይ በደረታቸው ተኝተው ስልኩን ዝቅ ማድረግ ሲለምዱ ግን ከደንገሉ ሥር ያለው ሕይወት ብቅ ብቅ አለ፦ ቀንድ አውጣ፣ የትንኝ እጭ፣ ገና እግር ያላወጣ የእንቁራሪት ልጅ። (ቢልሃርዝያን ስለምፈራ ማንም እግሩን ውኃ ውስጥ እንዳይከት ከልክያለሁ።) ነጸብራቁ ሲያስቸግር አንዷ ተማሪ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ሌንሱ ፊት ይዛ ዞር ዞር አደረገችው፤ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ጫጩቶች ጥርት ብለው ታዩ።

የዓመቱን ዋና ሥራ የሠራነው አሳ አጥማጆች ታንኳቸውን በሚያስጠጉበት ቦታ ነው። ከሚያመጡት አሳ ብዙው ገበያ ላይ በአንድ ስም «ነጭ አሳ» ይባላል፤ ተማሪዎቼም አንዱን አንሥተው «ጨረስን» አሉኝ። አሳዎቹን ጥላ ሥር፣ ርጥብ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን አስደርድሬ ጭንቅላታቸውን ብቻ አስነሣሁ። የአንዱ ከንፈር ወፍራምና ሥጋማ፣ የሌላው አፍ ሰፊ፣ መንጋጋው ረጅም፤ ይኸኛው ሌሎች አሳዎችን እያሳደደ የሚበላው ነው። በዚያ አንድ ስም ሥር 15 ያህል ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ክረምት ሲመጣ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ መረቡም ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ያነሣት አሳ ሆዷ ተቀዶ ቢጫ እንቁላሏ ጣውላው ላይ ፈሷል። ፎቶውን ሲያሳየኝ ዝም ብሎ ነበር፤ እኔም የምለው አጣሁ።

ወደ ፎገራ በሄድንበት ቀን ሁሉም ያነሣው ጣናን የወረረውን አረም፣ የእምቦጭን አበባ ነው። ሐምራዊው ቀለም በእውነት ያምራል፤ አበባውን ብቻ መስቀል ግን ውሸት መሰለኝ። ስለዚህ እምቦጭ መሐል ተይዛ የቆመች ታንኳ ፎቶ አጠገቡ ሰቀልን።

ሰኔ ላይ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ 40 ፎቶ አሳየን። ስንመላለስባቸው ከነበሩት አጥማጆች አንድ አዛውንት መጥተው ከጭንቅላቶቹ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። «መምህር፣ ይቺ ድንጋያማ ቦታ የምትውል ናት፤ ያቺ ግን ጥልቁን ትወዳለች» እያሉ በጣታቸው አሳዩን። ተማሪዎቹ እዚያው እስክሪብቶ አውጥተው ከየፎቶው ሥር ጻፉት።